አዲሱ ዕቃና የአሮጌው ዐደራ

አንድ ነገር የተሠራበት አካል ከላይ እስከ ታች ተለውጦ ሳለ «ያው የቀድሞው ነው» ብለን የምንመሰክርለት ምን ስለ ቀረለት ነው? ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ የግሪክ ፈላስፎች ተከራክረውበታል፣ የእስልምና ሊቃውንት መርምረውታል፣ የእኛም መምህራን ከአምስቱ አዕማደ ምስጢር የመጨረሻውን፣ ምስጢረ ትንሣኤ ሙታንን፣ ሲያስተምሩ በመሬት የፈረሰው ሥጋና በዕለተ ምጽአት የሚነሣው ሥጋ አንድ የሚሆኑበትን ምክንያት ሳያነሡ አያልፉም። በዘመናችን ይኸው ጥያቄ ከጉባኤ ቤት ወጥቶ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ ቀንና ሌሊት በሚያጉረመርም ሣጥን ላይ ተገኝቷል፤ ሰርቨር የሚባለው ይህ ሣጥን አርጅቶ በውስጡ ያለው መዝገብ ሁሉ ወደ አዲስ ዕቃ በሚዛወርበት ቀን፣ ሥራውን የያዘው ባለሙያ፣ ልብ አለውም አላለውም፣ የፈላስፎቹን ጥያቄ በእጁ እየመለሰ ነው።

ይህን ሳስብ ልቤ የሚሄደው ወደ ሐርተሼክ ነው። ሐርተሼክ ከጅጅጋ ቀብሪበያህን አልፎ ወደ ድንበሩ በሚወስደው አቅጣጫ ያለች፣ የዝናቡን ውኃ በብርካ አጠራቅማ የምትጠጣ፣ ብርካው ሲነጥፍ ከሩቅ በቦቴ የምታስመጣ የሜዳ ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚገኝ አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ሰርቨር ብቻ ነው፤ የደመወዝ መክፈያው፣ የወጪና የገቢ ደብዳቤው፣ የባለጉዳዩ መዝገብ፣ የንብረቱ ዝርዝር ሁሉ በዚያ በአንዱ ላይ ተከማችቷል። ሣጥኑ ሲከፈት የሜዳው ደቃቅ አቧራ በማራገቢያው ክንፎች ላይ ተጋግሮ፣ አየር ያጣው ፕሮሰሰር በገዛ ሙቀቱ እየነደደ፣ ከሁለቱ ሃርድ ዲስኮች አንዱ ቀድሞ ሞቶ ሁለተኛው ብቻውን ሸክሙን ሲጎትት ይገኛል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጮኸው ዩፒኤስም ባትሪው ስለ ደከመ፣ ጄኔሬተር እስኪነሣ ድረስ እንኳ መታገሥ ያቅተዋል። የሶፍትዌሩ እርጅና ደግሞ ለብቻው ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሲገለገሉበት የኖሩት የ2012ቱ ዊንዶውስ ሰርቨር ከሠሪው ኩባንያ የሚያገኘው የተለመደ የደኅንነት ጥገና መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ የሚገኝበት ቀዳዳ፣ ልዩ ክፍያ ካልተከፈለበት በቀር፣ ሳይደፈን ይኖራል። ስለዚህ መዛወሩ ግዴታ ነው፤ የሚያከራክረው መዛወር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ነው።

ፕሉታርክ የቴሴዎስን ታሪክ ሲጽፍ፣ የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን ባለሠላሳ መቅዘፊያ መርከብ ለብዙ ዘመን እንዳቆዩ፣ የበሰበሰውን ሳንቃ እየነቀሉ በጽኑ እንጨት እየተኩ እንደ ጠበቁት፣ ፈላስፎቹም ከሁለት ተከፍለው ግማሾቹ «ያው ነው»፣ ግማሾቹ «ሌላ ነው» እያሉ እንደ ተከራከሩ ይነግረናል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ1655 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ክርክሩን አጠነከረው፤ የተነቀሉትን አሮጌ ሳንቆች አንድ ሰው ሰብስቦ በቀድሞው ሥርዐት ቢገጥማቸው፣ ሁለት መርከቦች ቆመው ይታያሉና እውነተኛው የትኛው ሊባል ነው? ለሆብስ ይህ የአእምሮ ፈተና ነበረ፤ ለሰርቨር ባለሙያ ግን በእውን የሚደርስ ነገር ነው። ቅጂው አልቆ አዲሱ ዕቃ የአሮጌውን ስምና የአሮጌውን አይፒ አድሬስ ተቀብሎ ሥራ ሲጀምር፣ አሮጌው ከኔትወርኩ ሳይነቀል ቢቀር፣ በአንድ ስም ሲጠሩ ሁለቱም አቤት ይላሉ፤ የአንዱ ሠራተኛ ደብዳቤ በአሮጌው፣ የሌላው በአዲሱ ላይ ይቀመጣል፤ ቢሮው ተዘግቶ ሰዉ ወደ ቤቱ ሲሄድ እያንዳንዳቸው እውነትን በከፊል ብቻ የያዙ ሁለት መዝገቦች ተፈጥረው ያድራሉ። ልብ እንበል፤ በዚያች ቅጂው ባለቀባት ሰዓት ሁለቱ ዕቃዎች በይዘት ፍጹም አንድ ነበሩ። ፍጹም መመሳሰል አንድነትን የሚያጸና ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መደናገር ባልተፈጠረ ነበር።

በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፈው ኢማም አል ገዛሊ፣ ተሃፉት አል ፈላሲፋ በተባለው መጽሐፉ የመጨረሻ ክርክር፣ የሥጋን ትንሣኤ ለማይቀበሉት ፈላስፎች ሲመልስ፣ ከሚቻሉት መንገዶች እንደ አንዱ አድርጎ ያቀረበው ሐሳብ ለዚህ ጉዳይ በጣም የቀረበ ነው፤ የሰው ሥጋ ከሕፃንነት እስከ እርጅና በምግብ ሲለዋወጥ እየኖረ ሰውዬው ያው ራሱ እንደሚባል አሳይቶ፣ ነፍስ የምትመለስበት ሥጋ ከቀድሞው አፈር ቢሆን ከሌላም ቢሆን ለውጥ እንደማያመጣ፣ ሥጋ ለነፍስ መሣሪያ እንደ ሆነ ያስረዳል። የኢማሙን ሐሳብ በሶማሌ ምድር ዱግሲ በሚባለው የቁርኣን ትምህርት ቤት የሚማር ሕፃን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል ማለት ይቻላል። ሕፃኑ የዕለት ትምህርቱን በጥቁር ቀለም ሎሕ በሚባል የእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያጠናዋል፣ በመምህሩ ፊት በቃሉ ይወጣዋል፤ መምህሩ ሲያጸድቅለት እንጨቱን አጥቦ ቀጣዩን ይጽፍበታል። በእንጨቱ ላይ የቀረ ነገር የለም፤ ከቃሉ ግን አንዲት ፊደል አልጎደለችም። መምህሩ ሳይሰማ ሎሑ አለመታጠቡ ደግሞ ከሥርዐቱ ሁሉ ለእኔ የበለጠው ነው፤ ወደዚህም እመለሳለሁ።

ይሁን እንጂ ሥጋ መሣሪያ ብቻ ነው የሚለውን ሙሉ በሙሉ እንዳልቀበል የሚከለክለኝ፣ በአገራችን ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትሙ እስኪያካትት ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ደብዳቤ ይጻፍ የነበረው በየኩባንያው ፎንት ነበረ፤ እነዚያ ፎንቶች በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚያስቀምጡት የላቲን ፊደላትንና የምልክቶችን ቁጥር ሲሆን፣ በመስኮቱ ላይ ግን በዚያ ቁጥር ፋንታ የእኛን ፊደል ሥዕል ያሳያሉ። እንግዲህ ሰርቨሩ ተዛውሮ የሠራተኛውም ኮምፒዩተር በአዲስ ተተክቶ፣ የድሮው ፎንት ግን በአዲሱ ላይ ሳይጫን ሲቀር፣ ከ1990ዎቹ የሆነ የአንድ አቤቱታ ፋይል ይከፈታል፤ ባለሙያው የሁለቱን ቅጂዎች ቼክሰም አመሳክሯል፣ አንድ ነቁጥ እንኳ እንዳልተለወጠ ማረጋገጫው በእጁ ነው፤ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ግን ቅንፍና የጥያቄ ምልክት፣ የዶላርና የመቶኛ ምልክት፣ ነጥብ የተጫነበት የላቲን ፊደል የተዘበራረቀበት ነገር ነው። በሐርተሼክ ባለ ቢሮ ነገሩ ይበልጥ ይደንቃል፤ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላቲን ፊደል የሚጻፈው የሶማሊኛው ደብዳቤ ምንም ሳይሆን ቁልጭ ብሎ ሲነበብ፣ ከጎኑ ያለው፣ ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የተጻፈው የአማርኛው ቅጂ ድዳ ሆኖ ይቀራል። ይዘቱ በሙሉ ተሻግሯል፤ ንባቡ ግን አልተሻገረም። ቤተ ክርስቲያን ነፍስ የሌላ እንግዳ ሥጋ ትለብሳለች ሳትል፣ ያው የራሷ ሥጋ ተለውጦና ከብሮ ይነሣል ብላ የምታስተምረውን፣ ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በ15ኛው ምዕራፍ ስለ ዘሩና ስለ ቡቃያው የተናገረውን፣ እንዲህ ባለ ጊዜ በአዲስ ልብ አስተውለዋለሁ፤ መንፈስ የሚነበበው በአካል ነውና አካሉን የናቀ ሰው መንፈሱንም ይዞ አይቀርም። በዚህ ነገር ከታላቁ ኢማም በትሕትና እለያለሁ።

እንግዲያስ አንድነትን የሚያጸናው ዕቃውም ካልሆነ፣ ፍጹሙ ቅጂም ካልሆነ፣ ምንድን ነው? እኔ የደረስሁበት መልስ ይህ ነው፤ አዲሱ ሰርቨር ያው አሮጌው የሚሆነው የአሮጌውን ዐደራ ሲረከብ ነው፤ ትናንት ባለጉዳይ ለአሮጌው ያስቀመጠውን ዛሬ አዲሱን ሲጠይቀው መልሶ የሚሰጠው ሲሆን ነው። አንድ ረቂቅ ነገር ይህን በግልጥ ያሳያል። በሊኑክስ በሚሠራ ሰርቨር ላይ የፋይሉ ባለቤት ማንነት በዲስኩ ላይ የሚጻፈው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ ሠራተኞቹ በአዲሱ ዕቃ ላይ በሌላ ተራ ከተመዘገቡ፣ በአሮጌው ላይ የገንዘብ ያዡ የነበረው 1003 ቁጥር በአዲሱ ላይ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኀላፊ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ፋይሉ አልጠፋም፣ አልተበላሸም፣ ይነበባል፤ ግን ባለቤቱ ሲከፍተው ተከልክሎ፣ ሊያየው የማይገባው ሰው ይከፍተዋል። ሁሉ ነገር ተሟልቶ ሳለ ዐደራው ፈርሷል፤ ስለዚህ ያ ሰርቨር በእኔ ፍርድ ያው የቀድሞው አይደለም።

ነገሩን በሐርተሼክ ላይ ሆኜ የማየው ያለ ምክንያት አይደለም። በግንቦት 1980 ዓ.ም. በሰሜን ሶማሊያ ጦርነቱ ተቀጣጥሎ ሐርጌሳ በዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላንና መድፍ ስትደበደብ፣ ሕዝቧ ድንበሩን ተሻግሮ በዚህ ሜዳ ላይ ሰፈረ፤ የሐርተሼክ መጠለያ በዘመኑ በዓለም ትልቁ የስደተኞች ሰፈር ተብሎ፣ በብዛቱ ጊዜ 250,000 ያህል ነፍስ ይዞ ነበር። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስደተኛው በፈቃዱ ወደ አገሩ መመለስ ጀመረ፤ በ1996 ዓ.ም. መጠለያው ተዘጋ፤ የቀሩት ጥቂቶችም ወደ ቀብሪበያህ ተወሰዱ። ለእነዚያ ሰዎች የማንነታቸው ማስረጃ የራሽን ካርድና የወረቀት መዝገብ ነበረ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ፕሮግሬስ የተባለውን የኮምፒዩተር መዝገብ በየአገሩ መዘርጋት የጀመረው የሐርተሼክ መጠለያ በሚዘጋበት ጊዜ ግድም ነው፤ መዝገቡ በመጀመሪያ በየጽሕፈት ቤቱ በራሱ አነስተኛ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ ነበረ፤ በአራተኛው እትሙ ግን ሁሉ ወደ አንድ ማዕከል ተዛወረ። አንድ ስደተኛ ስሙ ከወረቀት ወደ ሣጥን፣ ከሣጥን ወደ ማዕከል ሲሻገር፣ እርሱ ራሱ በአንዱም ቀን «እኔ እኔ ነኝን?» ብሎ አልተጠራጠረም። የሚጠራጠረው በጽሕፈት ቤቱ መስኮት ወዲያ የተቀመጠው ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ የሚያምነው መዝገቡን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 የሚሰጠው መብት ሁሉ፣ መታወቂያው ይሁን የልጅ ልደት ምዝገባው፣ በዚህ መዝገብ በር በኩል ያልፋል። ቀብሪበያህ ላይ ተወልዶ አሁን ጎልማሳ ለሆነ ሰው፣ በአንዲት ሌሊት ዝውውር የአባቱ ስም ከእርሱ ስም ቢለይ፣ የሆብስ ሁለተኛ መርከብ እርሱ ራሱ ሆነ ማለት ነው፤ በአካል ቆሞ ሳለ እውነተኛው የተጻፈው ነው ይባላል። ይህ በእኔ አስተያየት ታላቅ በደል ነው፤ ማንም ሳይጠላው፣ ማንም ሳይከሰው የሚፈጸም በመሆኑም በደሉ ይከብዳል።

በመንግሥት ሥራ ልማዳችን ርክክብ የተከበረ ነገር ነው። አዲሱ ሰርቨር ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19 ይቈረጥለታል፣ ሲወጣ ሞዴል 22፤ የሣጥኑ መለያ ቁጥር፣ የሞኒተሩ፣ የገመዱ ሳይቀር ይጻፋል፤ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርማሉ። በውስጡ ስላሉት የሰው ስሞች ግን በዚያ ወረቀት ላይ አንድ መስመር አይገኝም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ደግሞ ይህ ዝምታ ከልማድ ጉድለትነት አልፎ ሕግን የሚነካ ሆኗል።

ስለዚህ በሐርተሼክም ይሁን በጅጅጋ፣ በቀብሪበያህም ይሁን በሌላው ሁሉ ያላችሁ የጽሕፈት ቤት ኀላፊዎች ሆይ፣ ልመናዬ ይህ ነው። መምህሩ ሳይሰማ ሎሑ እንደማይታጠብ፣ ባለሙያው «አልቋል» ሲላችሁ አሮጌውን ሣጥን ከኔትወርኩ አስነቅሉ እንጂ ዲስኩን አታስጠፉ። የገንዘብ ያዡን፣ የመዝገብ ቤቱን ሹም፣ የግምጃ ቤቱን ኀላፊ በአዲሱ ዕቃ ፊት አስቀምጡና እያንዳንዳቸው የቀድሞ ፋይላቸውን ከፍተው ያንብቡ፤ የአማርኛውም የሶማሊኛውም ይነበብ፤ ባክአፑም እውነተኛ መሆኑ በሌላ ዕቃ ላይ ተመልሶ ይታይ፤ የአሮጌው ሣጥን ዲስክ ያን ጊዜ ብቻ ይጥፋ። በርክክቡም ወረቀት ላይ ከሣጥኑና ከገመዱ ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምሩ፤ በዚያ መስመር ስንት ሰው በዚህ መዝገብ እንዳለ ይጻፍ፣ የተረከበውም ሰው በስሙ ይፈርምበት።