የገዛነው ዕቃ የማን ነው?

አንድ ሰው ወንበር ገዝቶ ወደ ቤቱ ካስገባ በኋላ፣ አናጢው በሌሊት መጥቶ ከአራቱ እግሮች አንዱን ነቅሎ ቢሄድ ድርጊቱ ሌብነት መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ድምፅ ሰምተው በሚታዘዙት የቤት ዕቃዎች ላይ ግን ይኸው ሲፈጸም እናያለን፤ ስሙንም «ማሻሻል» ብለውታል።

አማዞን የተባለው ኩባንያ አሌክሳን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ለገበያ ባወጣ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ያለ ደመወዝ የሚያድር ሎሌ ያገኘ መሰለው። ይሁን እንጂ ጎግል በ2022 ከሶኖስ ኩባንያ ጋር በነበረው የፈጠራ መብት ክርክር ስለ ተረታ፣ ብዙ ድምፅ ማጉያዎችን በአንድነት ከፍና ዝቅ የማድረግን ችሎታ አስቀድሞ ከሸጣቸው ዕቃዎች ላይ አነሣ። በ2024 ደግሞ የሚጠቀሙባቸው ጥቂቶች ናቸው በማለት ከድምፅ ረዳቱ 17 አገልግሎቶችን እንደሚያስቀር አስታወቀ። አማዞንም በማርች 2025 የድምፃቸው ቅጂ ወደ ኩባንያው እንዳይላክ በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ተሰጥቶ የነበረውን ምርጫ ሻረ።

«ጥቂቶች ናቸው» የሚለው ምክንያት ለነጋዴ በቂ ይሆናል። ለፍትሕ ግን አይበቃም፤ ለምን ቢባል ዐይነ ስውሩም፣ እጁ የማይታዘዝለት ሕመምተኛም ከጥቂቶቹ ወገን ሊሆኑ ይችላሉና ነው።

አሽከር ቢሰንፍ ጌታው ይገሥጸዋል፤ ባይታረም ያሰናብተዋል። ይህ ዕቃ ግን የሚሰማው የእኛን ድምፅ ይሁን እንጂ የሚያድረው በሩቅ ላለው ሠሪው ነው።

እዚህ በጌጃ ሰፈር በአንድ ጎረቤቴ ቤት ከውጭ አገር ዘመድ የላከው እንዲህ ያለ ዕቃ አለ። አማርኛ አይሰማም። የቤቱ ባልቴት «ስንት ሰዓት ነው?» ቢሉት ዝም ይላል። የልጅ ልጃቸው በእንግሊዝኛ ጠይቆ «ሰባት» የሚል መልስ ሲያገኝ፣ ስድስቱን ቀንሶ «አንድ ሰዓት ነው፣ እማማ» ይላቸዋል። እንግዲህ ሎሌው የጌታውን ቋንቋ በመማር ፈንታ ጌታው የሎሌውን ተማረ ማለት ነው (ልጁ እንግሊዝኛ ማወቁስ ባልከፋ)። አሁን ደግሞ ቀድሞ በአንድ ቃል ይፈጽመው የነበረውን ሦስት ጊዜ ካልደገሙለት አይፈጽምም ይላል ልጁ።

ኩባንያዎቹ የሚያቀርቡት መከራከሪያ እንዳለ አውቃለሁ። ዕቃው የሚያስበው በሩቅ ባሉ ትልልቅ መኪናዎች ስለ ሆነ፣ ሰው በተናገረ ቍጥር ወጪ አለበት፤ ዋጋው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍሏል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሒሳቡን ሳያስተካክል የሸጠው ሻጩ ነው፤ ጉድለቱን ገዢው ለምን ይሸከማል? ወደ ፊት አማርኛ የሚሰማ ዕቃ ሠርተው የሚሸጡልን ሰዎች ስንት ዓመት በሙሉ ችሎታው እንደሚያገለግል በውል ይጻፉልን። ከዚያ በፊት ቢያጐድሉት ገንዘቡን ይመልሱ።