ጥላው የማን ነው?

የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩልን ሲመጡ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ገመድ ወጥሬ ያጠብኳቸውን ፎቶዎች በልብስ መቆንጠጫ ሰቅያቸው ነበር። አንደኛው ፊት ቆሙ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም አባ። ወረቀት ነው።»

«ወረቀት መሆኑንማ አየሁ!»

ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

ከልጄ ደብተር የተረፈ ባዶ ገጽ እንደ ማራገቢያ አጥፌ፣ ጠዋት ፀሐይ በመስኮት አግድም ስትገባ ጠረጴዛ ላይ አቁሜው ነበር፤ አጠገቡ ውሃ የሞላ ብርጭቆ። የብርጭቆ ጥላ እንዲሁ ጥቁር ብቻ አይደለም፤ ውሃው ብርሃኑን ሰብስቦ መሃሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር ያሰምርበታል። የአባቴ ዜኒት ካሜራ ከግማሽ ሜትር በታች ካስጠጉት ያደበዝዛል፤ እዚያው ድንበሩ ላይ ትንፋሼን ይዤ ጥላቸውን አነሳሁ። ከፊልሙ 36 ፎቶዎች ለመስቀል የበቁት ሦስት ናቸው።

አዲስ ነገር ፈጠርኩ አልልም። አሜሪካዊው ፖል ስትራንድ በ1916 እ.ኤ.አ. ኮነቲከት ውስጥ የማድ ቤት ጎድጓዳ ሳህኖችንና በረንዳ ላይ የወደቀ የአጥር ጥላ ይዞ ይህንኑ ሠርቶታል።

ለአባ ጥያቄ ግን ስትራንድ አይደርስልኝም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ባለቤት አለው። በቀደመው አሣሣል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን፤ ክብሩም ለቀለሙ ሳይሆን ለባለቤቱ ነው። በብራና መጻሕፍት አናት ላይ የሚጠላለፈውን ሐረግ ግን «የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

ገብረ ክርስቶስ ደስታን የመሰለ ሠዓሊ እንደ ሐረጉ የማንም ያልሆነ ቅርጽ ከልቡ አውጥቶ ሸራው ላይ ያኖራል። እኔ አልችልም። ብርሃን የነካው የብር ጨው ዴቨሎፐር ውስጥ ይጠቁራል፤ ያልነካውን ፊክሰሩ አሟሙቶ ይወስደዋል። ኔጋቲቩ ላይ ፀሐይዋ ጥቁር፣ ጥላው ብርሃን ሆኖ ይወጣል (ስንት ዓመት ሳጥብ ኖሬ ይህ አሁንም ይደንቀኛል)። እናም ፎቶዬ ምንም ባይመስልም ከምንም አልመጣም። ሊቃውንቱ ብሉይ ጥላ፣ ሐዲስ አማናዊ ነው ይላሉ፤ ጥላው የከበረው አካል ስላለው ነው። እኔ አካሉን ደብቄ ጥላውን ብቻ አቀርባለሁ። ይህ ትሕትና ይሁን ድፍረት አልለየልኝም።

አባ ገና እያዩት ነው። «ክንፍ ይመስላል» አሉ።

ከፋኝ። ያን ክንፍ እኔም አይቼው፣ እንዳይታይ ብዬ ነው ዘቅዝቄ የሰቀልኩት። ክንፍ ከሆነማ ሰው ስም ሰጥቶት ያልፋል።

ጠበሉን ሲረጩ ሁለት ጠብታ ፎቶው ላይ አረፈ።

«አበላሸሁብህ?»

«ግድ የለም አባ።»

ሲደርቅ ሁለት ደብዛዛ ክብ ቀረበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሼ አጥበው ነበር።