ከብሩሹ በፊት

ልጆቼ፣ ሞዴል መኪና መገጣጠም የጀመራችሁ ሁሉ የምትጠይቁኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። «እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ቀጭን መስመር እንዴት አድርጌ ልቀባው?» ትሉኛላችሁ። ሥራችሁን አገላብጬ ሳየው ግን ችግሩን የማገኘው ሌላ ቦታ ነው። የምትቀቡት ነገር በእውነተኛዋ መኪና ላይ ከምን እንደተሠራ ሳታዩ ብሩሽ ታነሳላችሁ።

ቮልስን ላንሳ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ጋራዥ ገብቶ በቅርብ ማየት ይቻላልና። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ የእ.ኤ.አ. 1966ቷን ቮልስዋገን 1300 በ1/24 መጠን ሠርቷታል። አራት ሜትር ከትንሽ የምትረዝመው መኪና ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ግድም ወረደች ማለት ነው። በዚህ መጠን የእናንተ 1 ሚሊ ሜትር የእውነተኛዋ 24 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ስሌት ከአእምሯችሁ አታውጡት። በበሩ ዙሪያ 1 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጥቁር መስመር ያሰመረ ልጅ፣ ጣት የሚያስገባ በር ሠርቷል። የደህና መኪና በር ክፍተት 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ በሞዴሉ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

እስቲ አንድ ቀን ጋራዥ ሂዱና ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የቮልሷን የፊት መስታወት ዙሪያ ተመልከቱ። መጀመሪያ ቀለም የተቀባው ቆርቆሮ አለ፤ ያንጸባርቃል። ቀጥሎ ጥቁር ጎሚኒ አለ፤ ብርሃኑን ይውጠዋል እንጂ አይመልስም፣ ሲያረጅም ወደ ግራጫ ይሄዳል። በጎሚኒው ውስጥ ቀጭን የክሮም ክር ይሮጣል። ከዚያ መስታወቱ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ በሞዴላችሁ ላይ የምስማር ራስ በማያህል ቦታ ተጠጋግተው የሚቀመጡ ናቸው። የሰው ዓይን ደግሞ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን አንጸባራቂነቱንም ይለያል። ጎሚኒውንም ጎማውንም ፓራፋንጎውንም በአንድ አንጸባራቂ ጥቁር ከቀባችኋቸው፣ መስመራችሁ የቱንም ያህል ቀጥ ቢል መኪናዋ መጫወቻ ትመስላለች። ደብዛዛ ጥቁርና አንጸባራቂ ጥቁር ለየብቻ ያዙ። ጎማው ላይ ትንሽ ግራጫ ጣል አድርጉበት፤ አስፋልት ላይ የዋለ ጎማ ጥቁር ሆኖ አያውቅም።

ክሩስኮቱም እንዲሁ ነው። የዛሬ መኪና ያያችሁ ስለሆነ ደብዛዛ ጥቁር ለመቀባት ትቸኩላላችሁ። የ1966ቷ ቮልስ ክሩስኮት ግን ቆርቆሮ ነው፤ እንደ ውጪው አካሏ ቀለም የተቀባ፣ እንደ ውጪዋ የሚያንጸባርቅ። ከመሪው ፊት ያለችው አንዷ ክብ የፍጥነት መለኪያ ስትደርቅ፣ በስቴኪኒ ጫፍ አንድ ጠብታ አንጸባራቂ ቫርኒሽ አኑሩባት፤ መስታወት ትሆናለች። ወደ ኋላ መብራቱ ስትደርሱ ደግሞ መኪናችሁ ለየትኛው አገር የተሠራች እንደሆነች ወስኑ። ለአውሮፓ የወጣችው ፍሬቻዋ ብርቱካናማ ነው፣ ለአሜሪካ የወጣችው ሁሉም ቀይ። ከሥር ብር ቀለም ቀብታችሁ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፈውን ቀይ ስትደርቡበት የበራ ያህል ጥልቀት ያገኛል።

አሁን ወደ እጃችሁ ልምጣ። ትንሿን ብሩሽ አትግዙ። ባለ ሦስት ዜሮዋ የምትይዘው ቀለም ስለማይበረክት መስመሩ ጋ ሳትደርስ ጫፏ ላይ ይደርቅባችኋል። ጫፏ የሾለ ዜሮ ወይም አንድ ቁጥር ብሩሽ ይበቃችኋል። ቀለሙን አቅጥኑት፤ አንዴ በወፍራሙ ከመለጠፍ ሁለቴ በስሱ መድገም ይሻላል። ሁለቱንም ክንዶች ጠረጴዛው ላይ አሳርፉ፣ ትንንሽ ጣቶቻችሁን አገናኙ፤ ያኔ እጆቻችሁ ቢንቀሳቀሱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ብሩሹን ወደ ራሳችሁ ሳቡት እንጂ አትግፉት።

የቀለም ቅደም ተከተል ላይ ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ለአካሏ ላከር ቀቡና በደንብ ይድረቅ፤ ዝርዝሩን በኢናሜል ሥሩት። የኢናሜል ቲነር የደረቀ ላከርን ስለማያሟሟ የሳታችሁትን በጥጥ ጠርጋችሁ እንደገና ትሞክራላችሁ። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት የላከሩ ቲነር ከሥር ያለውን ኢናሜል ያቀልጠዋል።

የበሩንና የኮፈኑን ክፍተት የምናጠቁረውም በዚሁ ኢናሜል ነው። እንደ ውኃ እስኪሆን አቅጥኑትና የብሩሹን ጫፍ ክፍተቱ ላይ ብቻ አስነኩት፤ ቀለሙ በራሱ ቦዩን ይዞ ይሮጣል። ይህን መጀመሪያ ያየ ልጅ ፊቱ ሲበራ ማየት ሁሌም ደስ ይለኛል። ሲደርቅ ቲነር በትንሹ የነካ የጆሮ ጥጥ ይዛችሁ መስመሩን አቋርጣችሁ ጥረጉ፤ በመስመሩ ልክ ከጠረጋችሁ ሁሉንም ይዞባችሁ ይወጣል። ይህ የሚሳካው በአንጸባራቂ ቅብ ላይ ነው፤ ደብዛዛ ቅብ ላይ ይሰራጭና እድፍ ይሆናል። ለነጭ መኪና ጥቁር አትጠቀሙ፤ ግራጫ ይበቃታል። ለቀይ ጠቆር ያለ ቡናማ ጥሩ ነው።

ክሮሙን በቀጭን ተለጣፊ የብረት ወረቀት ብትሸፍኑት ከሁሉም ይበልጣል። በአዲስ ምላጭ ቁረጡት፣ በስቴኪኒ ጎን አሹት። የክሮም ቀለም እስክሪብቶም አለ፤ እሱ ላይ ግን ቫርኒሽ አትደርቡ፣ ያፈዘዋል።

ሰማያዊና ነጭ ታክሲ መሥራት ለምትፈልጉት፣ ላዳም ይሁን ሚኒባስ፣ ነጩን አስቀድሙ። ሲደርቅ በማስኪንግ ቴፕ ሸፍኑና፣ ሰማያዊውን ከመርጨታችሁ በፊት የቴፑን ጠርዝ በዚያው በነጩ ቀለም ደግማችሁ ቀቡት። ከቴፑ ሥር የሚሾልክ ካለ ነጭ በነጭ ላይ ይሾልካል፤ ሰማያዊው የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም። ስትረጩ መስኮት ክፈቱ፣ ጭንብል አድርጉ፤ የላከር ሽታ ለሳንባ አደገኛ ነው፣ ታናናሾቻችሁንም ከክፍሉ አስወጡ።

ታርጋውን በብሩሽ አትሞክሩት። የእውነተኛውን ታርጋ ፎቶ አንሱ፣ በኮምፒዩተር ወደ 1/24 አሳንሱት፣ ወረቀት ላይ አትሙና ለጥፉት፤ የታክሲው ኮድ 1 ቀይ መሆኑን ሳትረሱ።