ከወፍ ተደበቅ፣ ከሰው አትደበቅ

ልጄ፣ ያቺን ትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ ገዝተህ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ዳክዬ ልታድን መነሣትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ብዙዎቻችን ሜሪላንድ ዘመናችንን ሙሉ ኖረን ከሥራና ከአውራ ጎዳና በቀር ውሃዋንም ረግረጓንም አናውቅም። ጀልባዬን እንዴት ልሸሽጋት ብለህ ስትጠይቀኝ ግን የቀለም ዓይነት ነግሬህ ብቻ ብሰናበትህ ደግ አልሠራሁም። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና ከሥሩ ልጀምርልህ።

ዳክዬ ዓይኗ ብርቱ ነው። ዓይኖቿ በራሷ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያዋን ታያለች፤ ቀለምም ከእኛ አብልጣ ትለያለች። ዋናው ነገር ግን የምታይህ ከላይ መሆኑ ነው። ሰው ጀልባውን ግቢው ውስጥ ቆሞ ከጎን እያየ ይቀባና ጨረስኩ ይላል። ከሰማይ የሚታየው ውስጧ ነው፤ ወለሉ፣ መቀመጫው፣ የሞተሩ ክዳን፣ የመቅዘፊያው ጫፍ። እነሱ ካልተቀቡ የውጪው ቀለም ድካም ብቻ ነው።

አቀባቡ ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያ ጀልባዋን በሳሙና እጠባት፤ ዘይትና ሰም እንዳይቀርባት። ደርቃ ስታበቃ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋት፤ የአሉሚኒየሙ ብርሃን ጠፍቶ መዳፍህን ስታሳርፍበት ሻከር እስኪልህ ድረስ። አሉሚኒየም ቀለም አይወድም፤ ለእሱ የተሠራውን ፕራይመር ካላስቀደምክ በአንድ ክረምት ተልጦ ያልቃል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ፈጽሞ የማያብረቀርቅ ቀለም ቀባት፤ የደረቀ ሣር የሚመስል፣ ወደ ቡኒ የሚያደላ። እሱ ሲደርቅ ከረግረጉ ያመጣኸውን ረጃጅም ቅጠል ጎኗ ላይ አስደግፈህ ጠቆር ያለ ቀለም ንፋበት። ቅጠሉን ስታነሳው ቅርጹ ቀርቶ ታገኘዋለህ። የጀልባዋ ጠርዝ ቀጥ ብሎ መታየቱ የሚሰበረው እንዲህ ነው፤ በረግረግ ውስጥ ቀጥ ያለ ረጅም መስመር የለምና።

ቀለም ግን ግማሽ መንገድ ነው፤ ቀሪው ሣር ነው። በጀልባዋ ዙሪያ ቀላል የቧንቧ ክፈፍ አቁመህ መረብ ወይም የተቀደደ ጆንያ ወጥርበት፤ በላዩም ሣሩን በትንሽ በትንሹ ነዶ እያደረግህ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰር። ጫፉን እኩል አትከርክመው፤ አንዱ ይርዘም፣ አንዱ ይጠር፣ አንዱ ይዝመም። ሣሩም የምትቆምበት ቦታ ሣር ይሁን። «ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል፤ ዳክዬዎቹ ግን ያንን ረግረግ ያውቁታል፤ ከሱቅ የተገዛ አረንጓዴ ቅጠል በኅዳር ወር ቢጫ ሸምበቆ መካከል ሲቆም ከሩቅ ይለዩታል። በቼሳፒክ ዳርቻ ሞልቶ የምታገኘው ረጅሙ ሸምበቆ፣ ፍራግማይተስ የሚሉት፣ ለዚህ ይመቻል። ነገር ግን የአገሩን ሣር እያጠፋ የሚስፋፋ መጤ ነውና ዘር የያዘውን ጫፉን እዚያው ቆርጠህ ጣል፤ ወደ ሌላ ውሃ ይዘኸው አትሂድ። ባለቤት ያለው መሬት ከሆነም ሳታስፈቅድ አትቁረጥ።

ሁለት ነገር ልጨምርልህ። ሣሩ ጎንህን ከልሎ ላይህ ክፍት ከሆነ ከላይ ሲታይ ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል፤ ስለዚህ ሣሩ ወደ ውስጥ ይደፋ። ፊትህንም ሸፍን። ወፎቹ ሲዞሩ ቀና ብሎ የሚያያቸው ፊት ከየትኛውም ያልተቀባ ብረት ይልቅ ያጋልጥሃል። ዝም ብሎ መቀመጥ የቻለ ሰው በመጥፎ ቀለምም ያድናል፤ የሚንቆራጠጥ ሰው በጥሩ ቀለምም ባዶ እጁን ይገባል።

መደበቅም ልክ እንዳለው የዚያው ውሃ ታሪክ ይነግርሃል። የሳስኩሃና ወንዝ ባሕረ ሰላጤውን በሚገናኝበት፣ በሃቨር ዲ ግሬስ ከተማ ፊት ለፊት፣ አዳኞች ሲንክቦክስ በሚሉት የሬሳ ሣጥን በሚመስል ነገር ውስጥ በጀርባቸው ተኝተው ያድኑ ነበር። ሣጥኑ ዙሪያውን በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ክንፍ አለው፤ በክንፉ ላይ ከብረት የተሠሩ ዳክዬዎች ይደረድራሉ፤ በክብደታቸው ሣጥኑ እስከ ውሃው ልክ ይሰምጣል። ወፎቹ አዳኙን ጨርሶ አያዩትም። ለገበያ የሚገድሉ ሰዎች በዚህ ስፍር ቁጥር የሌለው ዳክዬ ፈጁ። በ1918 የወጣው የስደተኛ ወፎች ሕግ የገበያውን አደን አስቆመ፤ ሲንክቦክስም በ1935 በመላው አሜሪካ ተከለከለ። እኔ ይህን ፍርድ ትክክለኛ ነው እላለሁ። ወፏ የማምለጥ ዕድል ከሌላት አደን መባሉ ይቀራል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አንተ ከወፍ ለመደበቅ ስትደክም ከሰውም ተደብቀሃል። ጎህ ሳይቀድ፣ ጉም በወረደበት ውሃ ላይ፣ የሣር ክምር መስለህ ስትሄድ የሚመጣው ትልቅ ጀልባ አያይህም። እዚያ ላይ ብትገለበጥም ፈላጊህ አጠገብህ ያልፋል። «በሬ ሆይ! ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ይህ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ሳለህ ክፈፉን አስተኛው፤ ቀይና አረንጓዴው የፊት መብራትም ነጩ የኋላ መብራትም በሣር አይሸፈኑ። በአፍንጫዋ ሁለት ጎን ያለው የምዝገባ ቁጥር ቢያንስ 3 ኢንች ቁመት ኖሮት ከቀለሟ ተለይቶ እንዲነበብ ሕጉ ያዝዛል፤ ስትቀባ አታጥፋው። ደማቅ ብርቱካናማ ጨርቅና ፊሽካ ኪስህ ውስጥ ይኑር።

የተነከረ ሣር ከባድ ነው፤ የቆመ ክፈፍም ነፋስ ይይዛል። ጀልባዋ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ስንት ሰውና ስንት ክብደት እንደምትችል ትነግርሃለች፤ ሣሩን፣ ውሻውንና ጥይቱን ጨምረህ ቁጠር። ላይፍ ጃኬቱን መቀመጫ አታድርገው፣ ልበሰው። በታኅሣሥ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሹን መግዛት ያቅተዋል፤ በ10 ደቂቃ ገደማም ጣቶቹ አይታዘዙትም። ዋናተኛ ነኝ ማለት እዚያ አያድንም፤ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው»። ቆመህም አትተኩስ፤ የወደቀችውን ወፍ ለማንሣት ከጠርዟ በላይ አትንጠራራ፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆንብህ።

ሕጉን በአጭሩ ልንገርህ፦ ሞተሩ ሳይጠፋና ጀልባዋ በሞተሩ ኃይል መሄዷን ሳታቆም መተኮስ ክልክል ነው፤ ጠመንጃህ ከ3 ጥይት በላይ መያዝ የለበትም፤ የእርሳስ ጥይት ለውሃ ወፍ ከ1991 ጀምሮ በመላው አገሪቱ አይፈቀድም። ከግዛቱ ፈቃድ ሌላ የዳክዬ ቴምብር ትገዛለህ፤ በ1934 የተጀመረ ነው፤ ገንዘቡም ከሞላ ጎደል ሁሉ ለወፎቹ መኖሪያ መሬትና ረግረግ መግዣ ይውላል። በደስታ ክፈለው።

በእኛ ዘንድ ዳክዬ የማይበሉ ብዙዎች መሆናቸውን ታውቃለህ። የንስሐ አባትህን ወቅቱ ሳይገባ ጠይቃቸው። አትብላ ካሉህም የሚበላ ጎረቤት ሳታገኝ አትተኩስ፤ የገደልከውን ጥለህ መሄድ ሕጉም አይፈቅድም፣ እኔም አልፈቅድልህም።

አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። በሄድክ ቁጥር ጀልባዋን ከየት እንደምታስገባ፣ በየትኛው ረግረግ እንደምትቆምና በስንት ሰዓት እንደምትመለስ በወረቀት ጽፈህ ለባለቤትህ ተውላት፤ ካልኩት ሰዓት ከዘገየሁ 911 ደውይ በላት።