ወተት ለኪዋና የእንቅልፍ ጠርሙስ

ጫንጮ ውስጥ አንዲት ወተት ለኪ ነበረች። ገና ጎህ ሳይቀድ ገበሬው ጀሪካኑን ተሸክሞ በሯ ላይ ይሰለፋል። እሷም ላክቶሜትሩን ወተቱ ውስጥ ትነክራለች፤ ከወትሮው ዝቅ ብሎ ከሰመጠ ውኃ ገብቶበታል። ቀጥላ ጥቂት ወተት ከአልኮል ጋር ታዋህዳለች፤ ከረጋ መኮምጠጥ ጀምሯል። ዘመድ፣ አበልጅ፣ ጎረቤት አትልም። አንድ ቀን የገዛ አጎቷን ወተት መለሰችና ሰውየው በሽማግሌ ከሰሳት።

«እኔን ትጠረጥሪ?» አላት በሽማግሌዎቹ ፊት።

«አንተን መች ለካሁህ አጎቴ፤ ወተቱን እንጂ።»

ይህች ሴት መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል ሕመም አለባት፤ የሰውነት መከላከያ ስቶ የራሱን የነርቭ ልባስ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። እግሯ ይዝላል። ማታ ማታ ጡንቻዋ ይኮማተራል፣ ለሱም ባክሎፌን ትወስዳለች። ከሁሉ የከፋባት ግን እንቅልፍ ነው። ሌሊት ትነቃለች፣ በከዘራ ተደግፋ ደጅ ወዳለው መጸዳጃ ትወጣለች፣ ከዚያ በኋላ በጫንጮ ብርድ ማን መልሶ ይተኛል?

ጎረቤት ሁሉ መድኃኒት አዘዘላት። አንዷ የሞቀ ወተት በማር አለች፣ ሌላዋ የተወቀጠ ቅጠል አመጣች፣ አንዱ ደግሞ አንድ መለኪያ አረቄ አላት። (አረቄ የማያዝ ጎረቤት የት ይገኛል!) በመጨረሻ ሚኒሶታ ያለችው እህቷ በመንገደኛ ሻንጣ አንድ ጠርሙስ ላከችላት። ውስጡ እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት ለስላሳ ከረሜላ ነው። ፊቱ ላይ ጨረቃ ተስሏል፤ «ሜላቶኒን፣ 5 ሚሊግራም» ይላል።

«የበሽታ መከላከያንም ያጠናክራል ይላል፤ ላንቺ የተሠራ ነው!» አለቻት እህቷ በስልክ። «ሁለት ዋጥ አድርገሽ ተኚ።»

ማታ ክዳኑን ከፍታ ሁለቱን መዳፏ ላይ አኖረች። ከአሜሪካ የመጣን ነገር፣ ያውም እህት ከደመወዟ ቀንሳ የላከችውን፣ አስመርምሩልኝ ማለት ውለታ መርሳት ይመስላል። እጇ ወደ አፏ ሲቃረብ ግን አንድ ነገር ከነከናት፦ ይህን ማን ለካው? መልሳ ከተተቻቸው። ያን ሌሊትም አልተኛችም።

ጾም ገብቶ ወተት ፈላጊ ሲያንስ ጠርሙሱን፣ ባክሎፌኑን፣ የጎረቤቷን ቅጠል ሳይቀር በአንድ ፌስታል ያዘች። ሱሉልታን አልፎ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርደው ሚኒባስ ተሳፍራ ነርቭ ሐኪሟ ዘንድ ሄደች።

ሐኪሙ ሸምገል ያሉ ናቸው። ጠርሙሱን አዙረው የጀርባውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበቡ። ቫለሪያን የሚባል የሚያስተኛ ሥር አለበት፤ ኢቺናሺያም አለበት።

«ባክሎፌኑ ራሱ ያደነዝዛል» አሏት። «ሥሩ ሲጨመር ድብታው ይደራረባል፤ አንቺ ደግሞ ሌሊት በከዘራ የምትወጪ ሰው ነሽ። ኢቺናሺያው መከላከያን ያነቃቃል እየተባለ ነው የሚሸጠው። ያንቺን ማን አነቃቁልኝ አለ? የሚጎዳሽ እሱው አይደል!»

«ሜላቶኒኑስ?»

«እሱ ሲጨልም አንጎላችን ራሱ የሚያመነጨው ነው፤ የሚጠቅመው ሰው አለ። ግን አሜሪካም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለው ማሟያ ገበያ ከመግባቱ በፊት መንግሥት መርምሮ አያጸድቀውም። በ2023 ተመራማሪዎች ይህን የመሰሉ 25 የሜላቶኒን ከረሜላዎች ቢለኩ 22ቱ ከተጻፈባቸው ጋር አልገጠሙም። አንዱ የተጻፈበትን ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ይዞ ተገኘ። አንዱ ውስጥ ጭራሽ ሜላቶኒን የለም።»

ወተት ለኪዋ ሳቀች። «ውኃ ብቻ ያመጣም አለ በሉኛ!»

ሐኪሙም ሳቁና ብዕራቸውን አነሡ። «አሁን ንገሪኝ፤ ምንድን ነው የሚቀሰቅስሽ?»

ይህን ጎረቤትም እህትም ጠይቀዋት አያውቁም። አሰበች። «ሽንት ነው» አለች። «ከዚያ እግሬ ይኮማተርብኛል።»

ሽንቷ ሲመረመር ኢንፌክሽን ተገኘ፤ ታከመች። ባክሎፌኑን በድንገት እንዳታቋርጥ አስጠንቅቀው የማታውን ሰዓት ወደ መኝታዋ አስጠጉላት። የማታ ቡና ተከለከለች። ከሁሉ የከበዳት ይኼ ነው፤ በረካ ሳይጠጡ መነሣት እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ የጎረቤት ቡና የሚያውቅ ያውቀዋል። «እንቅልፍ አሁንም እምቢ ካለሽ፣» አሏት፣ «ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበትን በትንሹ እንሞክራለን፤ እኔ እያወቅሁት።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እህቷ ደወለች።

«እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«ተመስገን ነው፤ አሁን ብነቃ አንዴ ነው።»

«አላልኩሽም! ወሰድሽው አይደል?»

«ወሰድኩት። ጠርሙሱን ሙሉውን።»

«በስመአብ! ሙሉውን?»

«ሐኪም ዘንድ።»

ሐኪሙ ከጀርባው ያነበቡትን ስትነግራት ከሚኒሶታ በኩል ድምፅ ጠፋ። እህትየው ራሷ ማታ ማታ ከዚያው ዓይነት ጠርሙስ ትወስዳለች፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የደም ግፊት ክኒን አለባት።

«ከጀርባው ምን ይላል አልሽኝ?»

«እንግሊዝኛውን እኔ ከጫንጮ ላንብብልሽ?»

«ቆይ እስቲ» አለች እህቷ፣ «መነጽሬን ላምጣ።»