ባለሙያ ማን ነው?

ባለሙያ የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ዓይነት ሰዎችን ያመሰግናል። አንደኛው ተምሮ የምስክር ወረቀት የተቀበለ፥ ደመወዝም የሚቆረጥለት ነው። ሁለተኛዪቱ በቤቷ የምትፈትል፥ የምትጋግር፥ የምትሰፋ ሴት ናት። ቃሉ አንድ ሲሆን ዋጋው ስለ ምን ተለያየ? ለፊተኛው ይከፈለዋል፤ ለኋለኛዪቱ ግን ብዙ ጊዜ ምስጋና ብቻ ይደርሳታል። ምስጋና የዋጋ ምትክ ሊሆን ይገባዋልን?

የፈትልን ሥራ እንመልከት። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ከሆነ በኋላ በእንዝርት ይፈተላል። ድር የሚሆነው ክር በሸማኔው ዕቃ ላይ ሲወጠር እንዳይበጠስ ጠንክሮ ይከርራል፤ ማግ የሚሆነው ግን ጋቢው እንዲለሰልስና እንዲሞቅ ላላ ይላል። ዛሬ ድሩ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ቢመጣም፥ የእጅ ማግ የሚፈልግ ሰው አሁንም ወደ ፈታይዋ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ጣቶቿ ያውቁታል፤ ወረቀት ግን አይመሰክርላቸውም።

አንዳንድ ሰው፥ «በትርፍ ጊዜዋ የሠራችው ነውና ብዙ አይገባትም» ይላል። ነገር ግን ውኃ ቀድታ፥ እንጀራ ጋግራ፥ ልጅ አስተኝታ በመብራት የምትፈትል ሴት ትርፍ ጊዜዋ የቱ ነው? ሌላውም፥ «ዋጋ መከራከር የገበያ ልማድ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ መከራከር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሆኖም ሁለቱ ተከራካሪዎች እኩል አይደሉም። ገዢው ክሩን ሳይዝ ቢመለስ አይራብም፤ ሻጪቱ ግን ልቃቂቷን ይዛ ብትመለስ ለልጆቿ እህል አትገዛም። የሰውን ችግር አይቶ ዋጋውን ማውረድ ብልሃት ይመስላል፥ ነገር ግን ግፍ ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1996 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው 177ኛ ስምምነት፥ በቤታቸው ሆነው ለአሠሪ የሚሠሩ ሰዎች ከሌሎች ሠራተኞች ጋር እኩል እንዲታዩ ደንግጎአል። መልካም ነው። ልቃቂቷን ራሷ ወደ ገበያ የምታወጣዪቱ ግን አሠሪ የላትም፤ እንግዲህ ሕግ ማንን ይጠይቅላት? ከገዢው ኅሊና በቀር ዳኛ አልቀረላትም።

መጽሐፈ ምሳሌ በ31ኛው ምዕራፍ እንዝርት ስለምትይዝ፥ ልብስም ሠርታ ስለምትሸጥ ሴት ይናገራል። በመጨረሻው ቁጥር አስቀድሞ ከእጇ ፍሬ እንዲሰጣት ያዝዛል፤ ሥራዋ እንዲያመሰግናት የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኛም ቅደም ተከተሉን እንጠብቅ። ነጠላና ጋቢ ለብሰን ወደ ጸሎት ቤት የምንሄድ ሁላችን፥ ክር ስንገዛ ዋጋ ከመጥራታችን በፊት ስንት ቀን እንደ ፈጀ እንጠይቅ። አስቀድመን እንክፈል፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያ ብለን እናመስግናት።