የጠፈር ነጋዴና የሕዝብ አደራ

ነጋዴ ለትርፍ የሚሠራውን ሥራ ሕዝብ ነፍሱን ጥሎ ሊያምነው ይገባልን? ይህ ጥያቄ ንግድ ከተጀመረ ጀምሮ የኖረ ቢሆንም፥ በዘመናችን ከምድር ተነሥቶ ወደ ጠፈር ወጥቷል። ቀድሞ ሰውን ወደ ጠፈር መላክ የመንግሥታት ሥራ ብቻ ነበረ። ከ2020 ወዲህ ግን (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ መንግሥት ጠፈርተኞቹን ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚልከው፥ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ ከፍሎ በግል ኩባንያ መንኮራኩር ነው።

ስለዚህ ነገር አንዳንዶች፥ ነጋዴ ትርፍ ሲያይ የሰው ነፍስ አይታየውም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፥ የመንግሥት ሥራ ባለቤት የለውምና ይበላሻል፤ ነጋዴ ግን ገንዘቡ ስለሚነካበት ይጠነቀቃል ይላሉ። ለእኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ባለቤቱን ሲመረምሩ ሥራውን መመርመር የዘነጉ ይመስለኛል።

እስቲ በ1986 የሆነውን እንመልከት። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንግሥት መንኮራኩር በተነሣች በ73ኛው ሴኮንድ ተሰባብራ፥ በውስጧ የነበሩት ሰባት ሰዎች አለቁ። በዋዜማው ሌሊት፥ አጋዥ ሮኬቶቿን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች፥ ብርዱ በመጋጠሚያው ላይ ያለውን የጎማ ቀለበት ያደርቀዋልና አትነሣ ብለው ነበር። ዳሩ ግን አለቆቻቸው ምክሩን ገለበጡት፤ የመንግሥቱም ሹማምንት የተገለበጠውን ተቀበሉ። እንግዲህ በዚያች ሌሊት ነጋዴውም መንግሥቱም አብረው ወደቁ። እውነቱን የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ የጠፋው የሚሰማው ነው።

የዚህን ተቃራኒ በ2024 አየን። ቦይንግ የሠራት ስታርላይነር ሁለት ጠፈርተኞችን ይዛ ለስምንት ቀን ያህል ወጣች። ነገር ግን የሂሊየም ጋዝ ሾለከባት፤ አቅጣጫዋን ከሚያስተካክሉት ትንንሽ ሞተሮችም አንዳንዶቹ ከዱ። ኩባንያው፥ ሰዎቹን ለመመለስ ትበቃለች የሚል እምነት ነበረው። ናሳ የተባለው የመንግሥቱ የጠፈር መሥሪያ ቤት ግን አይሆንም አለ። መንኮራኩሪቱ ባዶዋን ተመልሳ በደኅና አረፈች፤ ሰዎቹም በ2025 በማርች ወር በሌላ ኩባንያ፥ በስፔስ ኤክስ መንኮራኩር ተመለሱ።

በደኅና ካረፈች ያ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ አልነበረምን? የሚል አይጠፋም። እኔ ግን፥ ወንዝ ሞልቶ ቢያገኘው ከዳር ያደረ መንገደኛ፥ ሌላው ዋኝቶ ተሻገረ ተብሎ ሞኝ ሊባል አይገባውም እላለሁ። ጥንቃቄ የሚመዘነው በዚያች ሰዓት በሚታወቀው ነገር ነውና።

ከአይሆንም ቀጥሎ የሚያስፈልገው ግልጽነት ነው። በ2015 የስፔስ ኤክስ ሮኬት ለጠፈር ጣቢያው የተላከ ጭነት እንደ ያዘ በአየር ላይ ተበታተነ። ኩባንያው ራሱ መርምሮ፥ ከሌላ የገዛው ደጋፊ ብረት መሰበሩን ተናገረ። የናሳ መርማሪዎች ግን፥ ለጠፈር ሥራ ያልተዘጋጀ ብረት በቂ ፈተና ሳያደርጉ መምረጥ የንድፍ ስሕተት ነው አሉ። የዚህ ምርመራ አጭር መግለጫ ለሕዝብ የወጣው በ2018 ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ጭነቱን በግብሩ ያስላከ ሕዝብም ይህን ያህል ዘመን መጠበቅ አልነበረበትም።

የነጋዴውን መልካም ሥራ መካድ ግን ግፍ ነው። ስፔስ ኤክስ ሮኬቱን አሳርፎ እንደ ገና በማስነሣት የጉዞውን ወጪ ቀንሷል። ከቦይንግ ጋር የተደረገውም ውል ዋጋው የተቆረጠ ስለ ነበረ፥ ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን ኪሣራ የተሸከመው ኩባንያው እንጂ ሕዝቡ አይደለም። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። መንግሥቱ በ2014 ሥራውን ለሁለት ኩባንያዎች ባያካፍል ኖሮ፥ ከአሥር ዓመት በኋላ አይሆንም ለማለት ባልደፈረም ይሆናል። አንድ ነጋዴ ብቻ በገበያው ሲቀር የገዢው አንደበት ይታሰራል። ስለዚህ ሕዝብ ገንዘቡን ሲከፍል፥ እምቢ የማለትንና የማወቅን መብቱን ጨምሮ መሸጥ የለበትም።

እናንተ ወጣቶች፥ ነገ ከመካከላችሁ መሐንዲስ፥ ሹም ወይም ነጋዴ የሚሆን አለ። ምናልባት ጠፈርን የሚመለከት ሥራ አይገጥማችሁ ይሆናል፤ የድልድይ፥ የመድኃኒት ወይም የአውቶቡስ ሥራ ግን ይገጥማችኋል። በዚያን ጊዜ ከበታቻችሁ አንድ ሰው ቆሞ፥ ይህ ነገር ያስፈራኛል ቢላችሁ፥ ትርፉና ቀጠሮው ቢያስቸኩላችሁም እንኳ፥ ንግግሩን እስኪጨርስ ድረስ ስሙት።